«ሁሉም ሃስ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ አቮካዶ አራት ዓይነት አፈራ፤ የቱን ላስቀር?

ጥያቄ፦ የመራዊዋ

ጤና ይስጥልኝ። ጓሮዬ ውስጥ ስምንት የተዳቀለ አቮካዶ አለኝ፣ በ2012 ክረምት የተከልኳቸው። ችግኙን የሸጠልኝ ሰው «ሁሉም ሃስ ነው፣ ከቆጋ መስኖ ወደ ውጭ የሚላከው እሱ ነው» ብሎ ነው የሰጠኝ። ግንዳቸው ላይ የታሰረውን ምልክት ፍየል በልታ ጨረሰችው። ሁሉም አንድ ከሆነ ምልክቱ ምን ይሠራልኛል ብዬ እኔም ችላ አልኩት። አምና ጥቂት ጥቂት አሳዩን። ዘንድሮ ሁሉም ጥሩ አድርገው ያዙ፣ ይኸው አራት ዓይነት መልክ!

የሦስቱ ዛፎች ፍሬ ትንንሽ ነው፤ ልጣጩ እንደ እንቁራሪት ጀርባ ጉብ ጉብ ያለ፣ ተቀጥፎ ሲሰነብት የሚጠቁር። ሁለቱ ደግሞ ዘይት የተቀቡ ይመስል የሚያብረቀርቁ አረንጓዴ ናቸው፤ ልጣጫቸው ስስ፣ የውስጡ ዘር ግን ትልቅ። ከሁሉም ቀድመው የደረሱትም እነሱ ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ አንገት አላቸው፣ ቅል ይመስላሉ፤ አረንጓዴው ላይ ጥቃቅን ቢጫ ነጥብ ተነስንሶባቸዋል። የቀረው አንዱ ዛፍ ድቡልቡል ነው፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ከብርቱካን የሚተልቅ።

ጭቅጭቁ የመጣው በጣዕሙ ነው። ጉብ ጉብ ያለውን ቀጥፌ ጭድ ውስጥ ቀበርኩት። በአሥረኛው ቀን ሳወጣው አንገቱ ተጨማዷል፤ ሲቆረጥ ጎማ፣ ሲቀመስ ውሃ ውሃ ይላል። የሚያብረቀርቀውን ግን ልጆቹ እስከ ልጣጩ በማንኪያ ጠርገው በሉት። አማቴ «ይሄ ሃስ የምትሉት ስሙ ብቻ ነው፣ ቁረጡት» ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ «ገበያ ያለው ሃስ ነው፤ የቀሩትን አምስቱን ቆርጠን በሃስ እናዳቅላቸው» ባይ ነው። መጋዙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሁለቱን ያያል። በመልክና በጣዕም የትኛው ምን እንደሆነ የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚያ በፊት ምንም አላስቆርጥም።

መልስ፦ ዲኤ የነበርኩ

እህቴ፣ ዲኤ ማለት የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ፤ መጋዙን ደብቂው። ካልሽው ተነስቼ ሦስቱን ዓይነት ያለ ጥርጥር መናገር እችላለሁ፣ አራተኛው ላይ አንድ ነገር ታረጋግጪልኛለሽ።

ጉብ ጉብ ብሎ የሚጠቁረው ሃስ ነው። ከምንተክላቸው ዝርያዎች መካከል ሲበስል እንዲህ ወደ ወይን ጠጅና ወደ ጥቁር የሚለወጠው እሱ ነው፤ ሌሎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ይበስላሉ። ቅል የሚመስለው ባለ ነጥቡ ፉርቴ ነው። ለማረጋገጥ ቅጠሉን በእጅሽ ፍትግ አድርገሽ አሽቺው፤ ፉርቴ እንስላል እንስላል ይሸታል። የሃስን ቅጠል ብታሺው ግን ቅጠል ነው የሚሸተው፣ ሌላ ምንም። ይህ ሽታ ከሜክሲኮ ዘር የመጣ ነው። የሚያብረቀርቀው ባለ ስስ ልጣጭ ትልቅ ዘር፣ ቀድሞ የሚደርሰው፣ ኤቲንገር ነው። ድቡልቡሉ ናባል ይመስለኛል፤ ሪድ የሚባል ሌላ ድቡልቡል ዝርያም ስላለ ግን በፍሬው ብቻ አልምልም። ሁለቱን የሚለያቸው አበባው ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ጥፋቱ የሃስ አይደለም፣ ያልደረሰ ነው የቀጠፍሽው። አቮካዶ ላይ መድረስና መብሰል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚደርሰው ዛፉ ላይ ነው፣ የሚበስለው ከዛፉ ከወረደ በኋላ። ዛፉ ላይ ቀን በቀን ውሃው እየቀነሰ ቅባቱ ይጨምራል፤ ከተቀጠፈ በኋላ ቅባት አይጨምርም። ጭድ ብትቀብሪው፣ ከሙዝ ጋር ብትዘጊበት፣ ማብሰል ነው እንጂ ማድረስ አይሆንም። አንገቱ መጨማደዱና ጎማ መሆኑ ራሱ ምልክቱ ነው።

ኤቲንገርና ሃስ የሚደርሱበት ጊዜ በጣም ይራራቃል። አንቺ በአንድ ቀን ቀጥፈሽ አወዳደርሻቸው፤ የአንደኛ ክፍልና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ፈተና እንደማስቀመጥ ነው።

መድረሱን ለማወቅ አንዱን ሰንጥቂና የዘሩን ሽፋን እዪ። ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ ወፈር ካለ ገና ነው። ቡናማ ሆኖ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከሳሳ ደርሷል። በቁጥር ካልሽ ደግሞ 100 ግራም ሥጋውን በሞረድ ፍቀሽ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ በዝግታ አድርቂው። ለሃስ ቢያንስ 21፣ ለጥሩ ጣዕም 23 ግራምና ከዚያ በላይ መቅረት አለበት። ላኪዎቹም የሚለኩት እንዲሁ ነው፣ መሣሪያቸው ይለያል እንጂ።

መልስ፦ ባለ ጁስ ቤቷ፣ አዲስ አበባ

እኔ የዝርያ ስም በቅርቡ ነው የለመድኩት። አሥራ አንድ ዓመት አቮካዶ ስጨምቅ ግን እጄ ያውቃቸዋል። ለጁስ ከሆነ የምትጠይቂው፣ ሃስ ወፍራም ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ውሃ ካልጨመርሽ ይቆማል። ያ ማለት ከአንድ ኪሎ ብዙ ብርጭቆ ይወጣል ማለት ነው። ጣዕሙም ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቁጭ ነው። የሚያብረቀርቀው የእናንተ ደግሞ ቀለል ያለ ነው፣ ራሱ ውሃ አለው። ጁሱ ቶሎ ይቀጥናል፣ ከሥር ማንጎ ከላይ አቮካዶ አድርጌ ስፕሪስ ስሠራ መስመሩ አይቆምልኝም፣ ይቀላቀላል። በማንኪያ ለሚበላ ልጅ ግን እሱ ይመቻል፣ አይከብድም። የልጆችሽ ምርጫ ስለዚህ አልገረመኝም።

ፉርቴ መሃል ነው። ሥጋው ክሬም፣ ልጣጩ በእጅ ተላጦ ይወጣል። እኔ ካስመረጥሽኝ ለሰላጣ እሱን ነው የምመርጠው።

አንድ የገበያ ነገር ልንገርሽ። ሃስ ሲበስል ስለሚጠቁር ሰው የተበላሸ ይመስለዋል። መጀመሪያ ያመጣሁ ጊዜ መስታወቱ ውስጥ ደርድሬው አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄንን የበሰበሰ ለምን አትጥዪውም» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መስታወት ላይ የሚደረደረው ፉርቴ፣ ማሽን ውስጥ የሚገባው ሃስ ነው። ዓይን ሌላ፣ ምላስ ሌላ።

እባክሽ ደግሞ በእንጨት እየመታችሁ አታርግፉት። የወደቀ አቮካዶ ከላይ ምንም አይመስልም፣ ሲሰነጠቅ ግን ጎኑ ጠቁሮ ይገኛል። ግማሹን እየጣልኩ በሙሉ ኪሎ መክፈል ሰልችቶኛል።

መልስ፦ ከእስራኤል

እኔ እዚህ አቮካዶ ማሸጊያ ቤት ነው የምሠራው። ኤቲንገር የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ክፋር ማላል የሚባል መንደር የተገኘ። በየዓመቱ መኸር ላይ ቀድሞ የሚገባልን እሱ ነው፣ ሃስ ወራት ቆይቶ ይከተላል። የመጀመሪያዎቹን ኤቲንገሮች ስቀምስ እኔም «ውሃ» ብዬ ነበር፤ ሳምንታት ቆይቶ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ያው ዲኤው ያለው ነው፣ ኤቲንገርም ቢሆን ከተቻኮሉበት ይዋሻል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባለቤትሽ ይስሙት። እዚህ ኤቲንገርን የሚተክሉት ለፍሬው ብቻ አይደለም፤ ሃስ መሃል መሃል የሚያስገቡት ለሃሱ አበባ የወንድ ዱቄት እንዲሰጥላቸው ነው። ሃስ የሚባለው ዓይነት አበባው ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ኤቲንገር ተቃራኒው ነው፤ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። ስለዚህ ጠዋት የሃስ ሴት አበባ ሲከፈት ዱቄቱን ይዞ የሚጠብቀው ኤቲንገር ነው፣ ንቡ ያመላልሳል። ፉርቴም ከኤቲንገር ወገን ነው። አምስቱንም በሃስ ከቀየራችሁ ይህ ይቀርባችኋል።

መልስ፦ የይርጋለሙ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ስለ አበባው የተባለው እውነት ነው፤ ግን ኪሳችንንም እናስብ። እኛ ጋ ለዘይት የሚረከቡት ሃስ ነው የሚፈልጉት። እኔ አራት ዓይነት ቀላቅዬ ጭኜ ሄጄ፣ ገዢው አንድ በአንድ እያነሳ ሲመልስብኝ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። የተመለሰብኝን እዚያው ከተማ ገበያ ላይ በሩብ ዋጋ ሸጥኩት። ስለዚህ ባልሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሁለቱን ፉርቴ በሃስ ብታዳቅሉ፣ ኤቲንገሮቹን ብትተዉ ያስማማችኋል። ፉርቴ ደግሞ አንድ ዓመት እየሰጠ አንድ ዓመት ያርፋል፣ ታያለሽ።

ስታዳቅሉ ዛፉን ከሥር አትጨርሱት። አንድ ቅርንጫፍ አስቀሩለት፣ ያጠባዋል። የተቆረጠውን ግንድ ደግሞ ኖራ ቀቡት፣ ፀሐይ ያቃጥለዋል።

መልስ፦ ዲኤ የነበርኩ

የይርጋለሙ ወንድሜ ያለው በብዛት ጭኖ ለሚሸጥ ሰው ልክ ነው። ለስምንት ዛፍ ግን እኔ አላስቆርጥም፤ ከዚያ ሁሉ ዛፍ ስንት ትጭናለህ? ቤት ላለ ሰው ትልቁ ጥቅም የሚደርሱበት ጊዜ መለያየቱ ነው። ኤቲንገሩ ሲያልቅ ፉርቴው፣ ፉርቴው ሲያልቅ ሃሱ ይቀጥላል።

የድቡልቡሉን ነገር አልረሳሁም። አበባ ካለው ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ሂጂና የተከፈተውን እዪ። መሃል ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ ብቻዋን ቆማ፣ ዙሪያዋ ያሉት ክሮች ወደ አበባው ቅጠል ተኝተው ካገኘሽ፣ ሴት ናት፤ ዛፉ የሃስ ወገን ነው፣ ሪድ ሊሆን ይችላል። ክሮቹ ቀጥ ብለው ቆመው ቢጫ ዱቄት ከያዙ ወንድ ነው፣ ናባል ማለት ነው። ደመናና ብርድ ያለበት ቀን ሰዓቱ ስለሚዛባ ሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን ደጋግመሽ እዪው።

የመራዊዋ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ቆየሁባችሁ፣ ይቅርታ። ተመልሼ የመጣሁት ውጤት ይዤ ነው።

ቅጠሉን ከአማቴ ጋር ሆነን አሸተትን። ባለ ነጥቡ እውነትም እንስላል ይሸታል፤ እሳቸው እንደውም «አረቄ ያስመስለዋል» አሉ። የድቡልቡሉን አበባ ሦስት ጠዋት ሄጄ አየሁት፣ ሦስቱንም ቀን ክሮቹ ቆመው ዱቄት ይዘው ነበር፣ ጣቴ ላይ ቢጫ ቀረ። ናባል ነው እንግዲህ።

ኬክ የምትጋግር ጎረቤት አለችኝ፣ ሚዛኗን ተዋስኩ። ያን ጊዜ የናንተን መልስ እንዳነበብኩ አንድ ሃስ ቀጥፌ 100 ግራም ፍቄ ምጣድ ላይ በለሆሳስ አድርቄ ስመዝነው 19 ግራም ነበር። የቀረውን ዛፉ ላይ ተውኩት፤ ባለቤቴ በየቀኑ ቢያጉረመርምም አልነካውም። ትናንት ያንኑ አደረግኩ፣ 24 መጣ። የዘሩም ሽፋን ቡናማ ሆኖ በጥፍር ይላጣል።

ከትናንቱ ልኬት አስቀድሜ ግን ለቅምሻ ብዬ ሦስት ሃስ፣ ሁለት ፉርቴና አንድ ናባል በመቀስ ቆርጬ፣ እንጨቱን ትንሽ አስቀርቼ፣ ጭድም ሙዝም ሳላገባ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ነበር። ሃሱ በስምንተኛው ቀን ጠቆረ፣ ስጫነው እኩል ይገባል፣ መጨማደድ የሚባል የለም። ለአማቴ የትኛው እንደሆነ ሳልነግራቸው ልጣጩን አንስቼ ሦስቱንም በሳህን አቀረብኩ። ሃሱን ጎርሰው ዝም አሉ። ቀጥለው ናባሉን ቀመሱ፤ «ይሄኛው ደግሞ የዕንቁላል አስኳል ይመስላል፣ ቀለሙም ጣዕሙም» አሉ። ፉርቴውን «ደህና ነው» ብለው አለፉት። ከዚያ ማንኪያቸው ተመልሶ ወደ ሃሱ ሄደ። «ይሄን ነው ቁረጡ ያልኩት?» ሲሉ ባለቤቴ ቤቱን በሳቅ አናጋው።

በመጨረሻ የተስማማነው አንዱን ፉርቴ ብቻ፣ እሱንም ግማሹን ቅርንጫፍ፣ በሃስ ልናዳቅል ነው። ኤቲንገሮቹም ናባሉም ይቆያሉ። የይርጋለሙ ወንድሜ፣ የኖራውን ምክር ይዣለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ በር ላይ ባለቤቴ ከዘር የተከለው አሮጌ ዛፍ አለ፣ ፍሬው ግዙፍ፣ ክር ክር የሚል። እሱስ ይዳቀላል ወይስ አርጅቷል?

መልስ፦ ዲኤ የነበርኩ

ግንዱ ጤነኛ ከሆነና ሙጫ ካልደማ ይዳቀላል። ዕድሜው አያግደውም። ግን ጥላው ሥር ማነው የሚቀመጠው?

መልስ፦ የመራዊዋ

አማቴ።

መልስ፦ ዲኤ የነበርኩ

እንግዲያው ተዪው።

መልስ፦ ባለ ጁስ ቤቷ፣ አዲስ አበባ

ዛፉን ተዉትና የሃሱን ነገር ንገሩኝ። የመራዊዋ፣ በመቀስ የተቆረጠ፣ ያልወደቀ ከሆነ ቀጥታ ከአንቺ እወስዳለሁ፤ ደላላ መሃል አይግባ። ናባሉንም አንድ አምስት ኪሎ ጨምሪልኝ፣ አስኳል ይመስላል ካሉ እሱንም ማሽን ላይ ልሞክረው።