የሐምሌ 23 የጋራ ፕሮፖዛል፦ እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ከላይ ፒን ተደርጓል። ሐምሌ 23 (ጁላይ 30) የሰዎች ንግድን የመከላከል የዓለም ቀን ነው፣ በዛን ቀን ለሥራ ወደ ውጭ ሊወጡ ለተነሱ ልጆችና ለወላጆቻቸው የግማሽ ቀን ትምህርት እንስጥ ነው ሐሳቡ። ኮንትራት ሲፈረም ምን ይታያል፣ ፓስፖርት ማን ጋ ይቀመጣል፣ ተበድሮ መሄድ ምን ያመጣል። ሦስት ማኅበር በጋራ ስለሆነ የምናስገባው በጀቱን አሁን ጨርሱት፣ ያለፈውን ታውቃላችሁ።

ጸሐፊ፦ «ፈቅዳ ነው የሄደችው» ለሚለው ነገር መልስ ይግባበት። የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተመድ የሰዎች ንግድ መከላከያ ስምምነት፣ በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ፈቃድ ዋጋ የለውም ይላል፣ 18 ዓመት ላልሞላውማ ማታለሉም መረጋገጥ አያስፈልግም። የማውቃት ልጅ ልትከስ ሄዳ «ፈርመሽ የለ እንዴ» ብለው መለሷት። ብድሩም ላይ ጠንከር በሉ፣ የዓለም ሥራ ድርጅት (አይኤልኦ) ኮንቬንሽን 181 ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይወስድ ይከለክላል፣ ይሄን የሚያውቅ ወላጅ ስንት ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ 3 ላይ ያለው ቲሸርት ምንድነው? ማን አጸደቀው?

የወጣቶች ተወካይ፦ እኔ ነኝ ጋሼ። ደረቱ ላይ ሰማያዊ ልብ ያለበት። ሰማያዊ ልቡ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ተመድ በዘመቻው የሚጠቀምበት ምልክት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ስቶር ውስጥ በካርቶን ነጭ ቲሸርት ተኝቷል። አዲስ አናሳትምም።

የሁለተኛው ማኅበር ተወካይ፦ ነጩ ላይ ያለው የናንተ ሎጎ ብቻ ነው። ባለፈው ባነር ላይ ስማችንን ከታች በትንሹ ጽፋችሁ ዝም አልን፣ አሁን ደሞ ልብሳችሁን ለብሰን እንቁም?

ገንዘብ ያዥ፦ የባነሩን ሂሳብ ማን ከፈለ? እሱን ተናገር መጀመሪያ

የሁለተኛው ማኅበር ተወካይ፦ ደረሰኙን ያላሳየኸን ሰው እሱን ነው የምትጠይቀኝ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሌባ ነህ ልትለኝ ነው? በል እሱንም ጻፈው!

ሰብሳቢ፦ ኧረ ባካችሁ። ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ፣ ማየት የፈለገ ይምጣ። ሁለታችሁም ተረጋጉ።

ጸሐፊ፦ እናንተ በቲሸርት ስትነታረኩ በቴሌግራም «ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ» እያሉ ልጆች እየሰበሰቡ ነው፣ ከዛ ድንበር አሻግረው ማይናማር አጥር ግቢ ውስጥ ዘግተው ሰው በኦንላይን እንዲያጭበረብሩ ያስገድዷቸዋል። የእህቴ ልጅ ከምትሠራበት ሰው ቤት ስትደውል አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብቻ፣ ስንት ወር እኛም ደህና ናት ብለን ተቀመጥን። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ወላጅ ሰው የማይጠረጥረው የሚስጥር ቃል ከልጁ ጋር ይያዝ፣ የፓስፖርትና የኮንትራት ፎቶ ቤት ይቅር፣ ትምህርቱ ይሄ ነው።

የሦስተኛው ማኅበር ተወካይ፦ ትክክል። ከውጭ የተመለሰች እህት አነጋግሬ አመጣለሁ፣ ለኔ ተዉት።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ግን ፊቷ አይቀረጽም፣ ስሟም አይጠራም። እሷ ካልፈለገች አትናገርም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሎጎ ከሌለበት ሰማያዊ ሪቫን ቢሆንስ? ርካሽ ነው። ከተስማማን ደሞ ለምን የእግር ጉዞ አናደርገውም፣ አዳራሽ ውስጥ ሚዲያ አይመጣም።

የሁለተኛው ማኅበር ተወካይ፦ በጉዞው እስማማለሁ፣ ባነሩ ላይ የሦስቱም ስም እኩል በሆነ ፊደል ከተጻፈ

ገንዘብ ያዥ፦ ሪቫን ይቻላል። የአዳራሹ ኪራይ ወደ ባነር ይዙር እንግዲህ።

ጸሐፊ፦ ትምህርቱስ?! ኮንትራት እየተራመዱ ነው እንዴ የሚያነቡት?

ሰብሳቢ፦ ከጉዞው በኋላ ግማሽ ሰዓት እንሰጥሻለን።

ጸሐፊ፦ ግማሽ ሰዓት አይበቃም፣ አልፈርምበትም። ተመላሿን እህት አነጋግራለሁ ያልከው ወንድም፣ ምን አለች?

ጸሐፊ፦ አለህ?

ገንዘብ ያዥ፦ የባነሩን ሎጎ ነገ ጠዋት ላኩልኝ፣ ከሰዓት ማተሚያ ቤት ይገባል።

የሁለተኛው ማኅበር ተወካይ፦ የኛ ከግራ በኩል ይሁን።