ለረጅም ርቀት ዒላማ ተኩስ አፈሙዙ ስንት ኢንች ይሁን? ጥቆማ ፈልጌ ነው

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጠመንጃ ላሠራ ነው፣ 6.5 ክሪድሞር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ከ600 እስከ 1000 ያርድ ወረቀት መብሳት። አደን የለም፣ ተሸክሞ ተራራ መውጣት የለም፣ ተኝቼ ነው የምተኩሰው። ሠሪው አፈሙዙን 24፣ 26 ወይም 30 ኢንች አድርጌ እሰጥሃለሁ፣ ምረጥ ብሎኛል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ይለኛል፣ አንዱ ረጅም ይሻላል ሲል ሌላው ረጅም ይንቀጠቀጣል ይላል። እስካሁን የምተኩሰው በጓደኛዬ ጠመንጃ ነው፣ እሱም ስደውልለት ስልክ ማንሳት ቀንሷል። እባካችሁ ከልምዳችሁ ጠቁሙኝ።

ባለ ሠላሳው፦
30። ሌላ ምን ይባላል? አፈሙዝ በረዘመ ቁጥር ጋዙ አረሩን የሚገፋበት መንገድ ይረዝማል። ፍጥነት ይጨምራል። ፈጣን አረር ደግሞ ንፋስ አይነካውም። የኔን የሠራልኝ ሰውዬ 30 ነው ያለኝ። ከእሱ ሌላ ቤት ረግጬ አላውቅም፣ አልረግጥምም።

ንፋስ ቆጣሪ፦
ንፋስ አይነካውም? እስቲ እናስላው። አንድ ኢንች የሚጨምርልህ ከ6 እስከ 9 ሜትር በሰከንድ ያህል ነው። ከ24 ወደ 26 ብትሄድ 15 አገኘሁ በል። 140 ግሬን (9 ግራም ገደማ) የሚመዝን አረር በ820 ሜትር በሰከንድ ይወጣ የነበረው በ835 ወጣ እንበል። 1000 ያርድ ላይ፣ ከጎን 4.5 ሜትር በሰከንድ ንፋስ እየነፈሰ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሴንቲ ቢሆን ነው። ንፋሱን ራሱን በ1 ሜትር በሰከንድ ተሳስተህ ብታነበው ግን 40 ሴንቲ ገደማ ትስታለህ። 5 እና 40! የንፋስ ባንዲራ ማንበብ ተማር፣ ኢንቹ ይደርሳል። እኔ 26 ነው የምተኩሰው፣ ተመችቶኛል።

ጫፍ አልባ፦
ርዝመቱን ተዉት። ማን ነው የሚቆርጠው ብላችሁ ጠይቁ።

28 ኢንች ነበረኝ። አንደኛ ነበር። 100 ሜትር ላይ አምስቱም ጥይት በአውራ ጣቴ ጥፍር ይሸፈን ነበር። ከበደኝና ወደ 22 ይቆረጥልኝ ብዬ አንድ ሠሪ ጋ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም። «ለነገ ይደርሳል» ሲለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ተቀብዬው ሜዳ ሄድኩ። የመጀመሪያው ግራ፣ ሁለተኛው ላይ፣ ሦስተኛው የጎረቤቴ ዒላማ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። ስኮፑን (ማነጣጠሪያ መነጽሩን) ፈትቼ አሰርኩ። ጥይት ቀየርኩ። የሰደፉን ብሎን አጠበቅኩ። ቃታ ስስብ ነው የምነቀንቀው ብዬ ራሴን ወቀስኩ፣ ማታ ማታ እቤት በባዶው ቃታ መሳብ እስክለማመድ ድረስ። ሦስት ወር! ሠሪው ጋ ተመልሼ ስነግረው «አንተ ነህ መተኮስ መማር ያለብህ» አለኝ። ከ15 ዓመት በኋላ እንግዲህ ተኩስ ልማር።

ባለ ዓይኑ፦
ውይ፣ እኔንም እንዲሁ ነው ያደረገኝ አንዱ። የኔ እንኳ አፈሙዝ አልነበረም፣ ቃታ ነበር። ጫፍ አልባ፣ የትኛው ሠሪ ነው? በውስጥ ላክልኝ።

ጫፍ አልባ፦
አልልክም። ነገር ይሆናል።

ሳቂታ፦
ጀማሪው፣ አንተ 40 ኢንች አሠራ። ትንሽ ጠጋ ካልክ ዒላማውን በጫፉ ትነካዋለህ፣ ንፋስም የለ ምንም የለ።

ስኮፕ ስኮፕ፦
እኔ ብሆን የአፈሙዙን ነገር ትቼ ገንዘቡን ስኮፕ ላይ አፈሰው ነበር። ያላየኸውን አትመታም። ማስተካከያ ጉልላቱን ስታዞረው በትክክል የሚሄድ፣ ስትመልሰው በትክክል የሚመለስ ስኮፕ ካለህ 24ም 30ም እኩል ነው። ምን ዓይነት ስኮፕ ነው ያሰብከው?

ጀማሪው፦
ስኮፕ አለኝ። ጥያቄዬ ስለ አፈሙዙ ነበር።

ስኮፕ ስኮፕ፦
እሺ፣ ግን የትኛው?

የሃያ ሁለቷ፦
እኔ .22 ነው የምተኩሰው፣ 50 ሜትር። እኛ ጋ ታሪኩ ሌላ ነው። የ.22 ባሩድ ትንሽ ነች፣ 16 ኢንች አካባቢ ሥራዋን ጨርሳለች። ከዚያ ወዲያ አፈሙዙ መፋተጊያ ነው። ሲረዝም እንዲያውም ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ «ረጅም ፈጣን ነው» የሚባለው ለሁሉም ጥይት አይሠራም። ለ6.5 ግን ይሠራል መሰለኝ፣ ባሩዱ ብዙ ነው።

ባለ ሠላሳው፦
እህቴ፣ ስለ .22 ማን ጠየቀ?

የሃያ ሁለቷ፦
ስለ ሠሪህስ ማን ጠየቀ?

ሳቂታ፦
ሃሃሃ። አንድ ለባዶ።

ጋሽ ብረት ዓይን፦
ልጆች፣ ረጅም አፈሙዝ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ትመርጣላችሁ። እኛ በስኮፕ አልነበረም የምንተኩሰው። በብረት ማነጣጠሪያ ነው። የኋላውና የፊተኛው ማነጣጠሪያ በተራራቁ ቁጥር ስህተትህ ይታይሃል፣ ስለዚህ ረጅም ይሻል ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ፓልማ የሚባለው የረጅም ርቀት ውድድር ነው። 800፣ 900 እና 1000 ያርድ ላይ ነው የሚተኮሰው፣ በ.308። አረሩ 155 ግሬን ነው፣ ቀላል። እሱን 1000 ያርድ ድረስ ከድምፅ ፍጥነት በላይ አድርጎ ማድረስ ነው ጭንቁ። የድምፅ ፍጥነት 340 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው፣ አረሩ ወደዚያ ሲወርድ መንገዳገድ ሊጀምር ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ የምታየው ዕጣ ነው። ለዚህ ነው የፓልማ ሰው 30 የሚይዘው። ጌጥ አይደለም። አንተ የያዝከው 6.5 ግን አየሩን ሰንጥቆ የሚሄድ ቀጭን ረጅም አረር ነው። በ24 ኢንችም 1000 ያርድን ከድምፅ በላይ ሆኖ ያልፋል። .308 የነበረበት ችግር የለብህም፣ ስለዚህ የእሱን መድኃኒት ሳታስብ አትዋጥ።

በነገራችን ላይ ክሪድሞር የተኩስ ሜዳ ስም ነው፣ ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ የነበረ። በ1874 የአየርላንድና የአሜሪካ ቡድኖች የገጠሙት እዚያ ነው፣ በ1876 ደግሞ የመጀመሪያው ፓልማ። ጥይቱ በ2007 ሲወጣ ነው ስሙን የወረሰው። ይኼን የምለው ወጣቶቹ ስሙን እየጠሩ ምን እንደሆነ ስለማያውቁት ነው።

ጀማሪው፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ታዲያ እርስዎ የትኛውን ይመክሩኛል?

ጋሽ ብረት ዓይን፦
እኔ አሁን ዓይኔ ደክሟል፣ ስኮፕ ነው የምተኩሰው። 30 ነው። ለምጄው ነው።

ሳቂታ፦
ጋሼ ጉድ ሠሩን።

እሺ፣ ቀልዱ ይብቃ፣ ልጁ አሳዘነኝ። ጀማሪው፣ ሁለት ነገር ልበልህና ልሂድ።

አንደኛ፣ «ረጅም ይንቀጠቀጣል» ያለህ ሰው አልዋሸህም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ውፍረቱ እኩል ከሆነ የአፈሙዝ ግትርነት በርዝመቱ ኪዩብ ልክ ነው የሚወርደው። 30 ለ24 አካፍልና ውጤቱን ሦስቴ ጽፈህ እርስ በርሱ አባዛው፣ 1.95 ይመጣል። ማለት ባለ 30ው የባለ 24ቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚገትረው። ውፍረት ግን አራቴ እርስ በርሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ 18 በመቶ ብታወፍረው እኩል ይሆናል። ጣጣው ክብደቱ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.25 ኢንች ወፍራም የሆነ የብረት አፈሙዝ በኢንች 150 ግራም ገደማ ይመዝናል። 30 ኢንች ሲሆን አፈሙዙ ብቻውን 4.5 ኪሎ ገደማ ነው።

ሁለተኛ፣ ምን ውድድር ነው የምትገባው? ይኼን ማንም አልጠየቀህም። ኤፍ ክላስ (ተኝተው በስኮፕ የሚተኩሱበት የረጅም ርቀት ውድድር) ከሆነ ሁለት ምድብ አለው፤ በ6.5 ክሪድሞር ኤፍ ቲ አር የሚባለው ምድብ መግባት አትችልም፣ እሱ .223 እና .308 ብቻ ነው፣ ገደቡም 8.25 ኪሎ። አንተ ሌላው ምድብ፣ ኤፍ ኦፕን ነህ፣ 10 ኪሎ፣ ስኮፑ ተቆጥሮ። 10 ኪሎ ውስጥ ወፍራም 30 ይገባል፣ ተኝተህም ስለሆነ መርዘሙ አይጎዳህም። ግን ነገ ከነገ ወዲያ ቦታ እየቀያየርክ፣ በእንጨት ላይ፣ በመስኮት ውስጥ የምትተኩስበት ውድድር ካማረህ 30 ኢንች ይዘህ ስትዞር በር ሁሉ ይጠላሃል። እዚያ የሚበዛው 24 እና 26 ነው።

ጀማሪው፦
ይኼ ነው የፈለግኩት! በጣም ነው የማመሰግነው። ለጊዜው ተኝቼ ብቻ ነው፣ ወደፊት ግን አላውቅም።

ንፋስ ቆጣሪ፦
ሳቂታ እንዲህ መጻፍ ትችላለህ እንዴ? ለምን ሁልጊዜ አታደርገውም?

ሳቂታ፦
ይደክማል።

ባለ ሠላሳው፦
ቁጥር ቁጥር አትበሉብኝ። የኔ 30 ይመታል። ሰውዬው እጁ ወርቅ ነው።

ንፋስ ቆጣሪ፦
ባለፈው ሜዳ ላይ አብረን ነበርን እኮ። አንድ ፓኬት ጥይት ለሁለት ተካፍለን ተኮስን፣ የአረር ፍጥነት የሚለካው ክሮኖግራፍ ፊት ለፊታችን ነበር። የኔ 26 ካንተ 30 በ4 ሜትር በሰከንድ በለጠ። ረሳኸው? እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት አፈሙዞች እንኳ አንዱ ፈጣን ሌላው ዘገምተኛ ይሆናሉ። የውስጡ ስፋት ፀጉር በምታህል ይለያያል፣ የጥይቱ መቀመጫ ይለያያል።

ባለ ሠላሳው፦
ክሮኖግራፉ ነው የተሳሳተው። ፀሐይ ነበረበት።

ንፋስ ቆጣሪ፦
ፀሐዩ ላንተ ብቻ ነው የወጣው?

ዝምተኛው፦
አንድ ነገር ልጨምር። አፈሙዝ አላቂ ዕቃ ነው፣ እንደ መኪና ጎማ እዩት። በ6.5 ክሪድሞር ከ2000 እስከ 3000 ጥይት ባለው ውስጥ ጉሮሮው፣ ማለት ከጥይቱ መቀመጫ ፊት ያለው የውስጡ ክፍል፣ በእሳት ይበላል፣ ከዚያ ይቀየራል። ስለዚህ ጀማሪው፣ ዕድሜ ልክ የምትመርጥ አይምሰልህ። ብቻ ከረጅሙ ጀምር። ረጅም ይቆረጣል፣ አጭር አይቀጠልም።

ጫፍ አልባ፦
ይቆረጣል? ማነው ይቆረጣል ያለው?! ከላይ የጻፍኩትን አላነበብክም እንዴ?

ዝምተኛው፦
አነበብኩት ወንድሜ። ያንተ ችግር መቆረጡ አይደለም፣ የጫፉ አጨራረስ ነው። አረሩ አፈሙዙን ሲለቅ ጋዙ ከኋላው በዙሪያው እኩል መውጣት አለበት። ጫፉ ላይ ትንሽ ሸራፋ ወይ እሾህ የምታህል ብረት ካለች ጋዙ በአንድ ጎን ይቀድማል፣ የአረሩን ጭራ ይገፋል። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ጥይቶቹ ወረቀቱ ላይ ይበተናሉ።

መሞከር ትችላለህ። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ መዝጊያውን ጨርሰህ አውጣው። ከዚያ የጆሮ ጥጥ ይዘህ ቀዳዳው አፍ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያልክ ጎትት፣ ዙሪያውን ሁሉ። አንድ ቦታ ላይ ጥጡ ክር ካስቀረ እዚያ ጋ እሾህ አለ። ከሆነ ደግሞ መዳኛው ቀላል ነው፣ ጥሩ ቶርኖ ያለው ሰው ግማሽ ኢንች እንኳ ሳያጠፋ ጫፉን እንደገና ያወጣልሃል።

ጫፍ አልባ፦
ሦስት ወር ሙሉ ማንም እንዲህ አላለኝም። ማታ አየዋለሁ።

ባለ ዓይኑ፦
ለቃታስ እንዲህ ያለ ሙከራ አለ?

ስኮፕ ስኮፕ፦
ጀማሪው፣ ስኮፑን አልነገርከንም።

ጀማሪው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተምሬአለሁ። ዛሬ ለሠሪው ደውዬ ነገርኩት፣ ይጀምራል። አሁን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ያለኝ የጠመንጃ ቦርሳ ከውስጥ 120 ሴንቲ ነው። ሰደፉን ሳልፈታ የሚገባ ይመስላችኋል ወይስ ሌላ ቦርሳ ልፈልግ?

ንፋስ ቆጣሪ፦
እንደ ርዝመቱ ነዋ! ስንት አልከው?

ሳቂታ፦
ስንት አልከው?

የሃያ ሁለቷ፦
ጀማሪው? 26 ከሆነ ለጥቂት ሊገባ ይችላል፣ 30 ከሆነ ግን ቦርሳውን እርሳው።

ባለ ሠላሳው፦
30 ነው ያለው። ቦርሳው ጠበበኝ እያለ እኮ ነው።

ንፋስ ቆጣሪ፦
ጠበበኝ አላለም፣ ይገባል ወይ ነው ያለው።

ጫፍ አልባ፦
ጥጡ ያዘ። ሦስት ሰዓት አቅጣጫ ላይ። ሁለቴ ሞከርኩት፣ ሁለቴም እዚያው ጋ ክር አስቀረ። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው በጆሮ ጥጥ የምትስቀው አለችኝ።

ዝምተኛው፦
እንኳን ደስ ያለህ። አሁን ቶርኖ ያለው ሰው ፈልግ። ያንን ሰውዬ ጋ እንዳትመለስ ብቻ።

ባለ ሠላሳው፦
የኔ ሰውዬ ጋ ሂድ።