ኮንዶሚኒየም በቀን ለእንግዳ ለማከራየት ፈቃድ ያወጣ አለ?

ቱሉ ዲምቱ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ፣ ካርታው በስሜ ነው፣ ሙሉ ዕቃ አስገብቼ ለሰርግ ለበዓል ምናምን ለሚመጡ ዲያስፖራዎች በሳምንት በሳምንት ማከራየት ጀምሬ ነበር። ሁለት እንግዳ አስተናገድኩ፣ ሦስተኛዋ ላይ የብሎኩ ኮሚቴ ጥበቃውን ሻንጣ የያዘ ሰው እንዳታስገባ ብሎት ኖሮ በር ላይ አስቆማት (ከነልጆቿ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ከኤርፖርት ቀጥታ!)። ወረዳ ሄጄ ውል ላስመዝግብ ስል በአዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም አሉኝ፣ እኔ እኮ የማከራየው ለእንግዳ ነው ብል "እንግዲያው የንግድ ፈቃድ አምጪ"፣ ንግድ ጽህፈት ቤት ስሄድ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መኖሪያ ነው ብለው መለሱኝ። ቲን ቁጥር አለኝ፣ ግብሩንም እከፍላለሁ። እዚህ ዳር አካባቢ በአንድ ኮንዶሚኒየም ብቻ የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ ያወጣችሁ፣ መጀመሪያ የትኛው ቢሮ ነው የሄዳችሁት?