አስጎብኚያችን ስልኩን ዘግቷል፤ ነገ የድሬዳዋን የድሮ ባቡር ጣቢያ እንዴት እንግባ?

የቶርኖ ሠራተኛው ልጅ ልጅ (ጠያቂ)

ድሬዳዋን የምታውቁ እባካችሁ ፈጥናችሁ ምከሩኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ከተማው ገብተናል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ተስማምተን ቀብድ የላክንለት አስጎብኚ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው። ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያና ወደ ጥገና ጋራዡ ለመግባት የሚያስፈልገውን ፈቃድ የሚያወጣልን እሱ ነበር። ነገ 10 ሰዓት ላይ አውሮፕላናችን ይነሣል። ያለ አስጎብኚ መግባት ይቻላል? ካልተቻለስ ከቀድሞው የኢንዱስትሪ ከተማ የተረፈውን በግማሽ ቀን እንዴት ላሳያት?

ሳቢያን

ነገ ቅዳሜ መሆኑን ልብ ብለዋል? ቢሮ ቢከፈት እንኳ እስከ ቀትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሁሉም ነገር በጠዋቱ ማለቅ አለበት። 2 ሰዓት ሲሆን ለገሀር (የድሮው ባቡር ጣቢያ) በር ላይ ይድረሱና ለጥበቃው የመጣችሁበትን ጉዳይ ያስረዱ፤ እኔ በገባሁ ጊዜ ፈቃዱን የሰጡኝ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ መጠነኛ ክፍያ ከፍዬ አንድ ሠራተኛ ይዞኝ ዞሯል። እናትዎ ምን ያህል መራመድ እንደሚችሉ አልነገሩንም።

ሀዲድ

ከመግባታችሁ በፊት የምታዩትን ብታውቁት ይጠቅማችኋል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ተራራውን መውጣት ወጪው ስለከበደ ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 መጨረሻ፣ በእኛ 1895 ዓ.ም መሆኑ ነው፣ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ድሬዳዋም ከዚያ በኋላ ተቆረቆረች። አዲስ ሐረር ያሏትም ለዚህ ነው። መስመሩ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ አሥራ አራት ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ስለሆነ አዲሱ ባቡር በአሮጌው መስመር ሊሄድ አይችልም፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ለባለ ባጃጁ «ባቡር ጣቢያ» ብላችሁ ብቻ አትንገሩት፤ «ለገሀር፣ ከዚራ» በሉት፤ ከዚራ የድሮው ጣቢያ ያለበት ሰፈር ነው፤ አለበለዚያ ወደ አዲሱ ይወስዳችሁና ጠዋታችሁ ይባክናል።

ገንደ ቆሬ

«የቀድሞ የኢንዱስትሪ ከተማ» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። በጣሊያን ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ዛሬም ሲሚንቶ ታመርታለች፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቆባታል። ዝም ያለው የአሮጌው ባቡር ጋራዥ ነው፤ ከተማዋ ዝም አላለችም። እናትዎን ወደ መቃብር እንደሚወስዷቸው አድርገው አይዘጋጁ።

ሀዲድ

እርስዎ ስለ ፋብሪካ ቁጥር ነው የሚያወሩት፤ ጥያቄው ግን ስለዚያ አይመስለኝም። በባቡሩ ፊሽካ ሰዓቱን እየቆጠረ ያደገ ሰው ከተማዋ ዛሬ ስንት ፋብሪካ እንዳላት ቢነገረው ያ ድምፅ አይመለስለትም።

የሐረር መንገድ

በእኔ ግምት ጠዋት በ2 ሰዓት በሩ ላይ ተገኝታችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ጊዜ ከተረፋችሁ ከከተማው ደቡብ በኩል ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እንዳታልፉት፤ የጥንት ሰዎች መሣሪያ የተገኘበትና በግድግዳው ላይ ሥዕል ያለበት ነው።

የቶርኖ ሠራተኛው ልጅ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥያቄውን በጥድፊያ ስለጻፍኩት ዋናውን ነገር ሳልገልጽ ቀርቻለሁ። አያቴ በጋራዡ ውስጥ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቴም ተወልዳ ያደገችው ከዚራ ሲሆን ከተማውን ከለቀቀች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል። ጉልበቷን ስለሚያማት ዋሻ መውጣት አትችልም፤ በከዘራ ሆና ሜዳ ላይ ግን ትሄዳለች። አያቴ ከማሽናቸው አጠገብ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ በቦርሳዋ ውስጥ አለ። አሁንም አስጎብኚው ስልኩን አልከፈተም። በደቻቱ ወንዝ በኩል አቋርጠን ማዶ ወዳለው የመጋላ ሰፈር መሻገር እንችላለን? አሸዋው ደርቆ አይቼዋለሁ፤ አቋራጭም ይመስላል።

ሳቢያን

በአሸዋው አትሻገሩ፤ በድልድዩ ሂዱ። ወቅቱ ክረምት ነው፤ ደቻቱ የሚሞላው ድሬ ላይ በሚዘንበው ብቻ ሳይሆን በሐረር በኩል ባለው ደጋ ላይ በሚወርደው ዝናብ ጭምር ስለሆነ፣ እናንተ በጠራ ሰማይ ሥር ቆማችሁ ጎርፉ ሊደርስባችሁ ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ በተኙበት ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ያን ሌሊት የሚያስታውስ የድሬ ሰው ልጁን በወንዙ ውስጥ ሲያልፍ ካየ ይቆጣል።

የከዚራ ጥላ

ፎቶግራፉን ቀደም ብለው ቢጠቅሱልን ኖሮ ይህ ሁሉ ሐሳብ ባላስፈለገ ነበር። አስጎብኚያችሁ እሱ ነው። ጠዋት ለጥበቃው ከማንኛውም ነገር በፊት ፎቶግራፉን ያሳዩ፤ ፈቃድ ሰጪውም ዘንድ ሲቀርቡ እናትዎ ራሳቸው የአባታቸውን ስምና የሥራ ክፍል ይናገሩ። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት የሽመንደፈር (የባቡር ድርጅቱ) ጡረተኛ የነበሩ አጎቴን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ጥበቃው ስማቸውን ሲሰማ ወንበር አመጣላቸው። ጋራዡ ውስጥ አጎቴ አንዱን ቶርኖ በመዳፋቸው ዳበሱትና የመያዣውን እጀታ ሳያዩ አገኙት፤ እጀታው አባቶቻችን ሲይዙት ከኖሩበት በኩል ብቻ እንደ መስታወት ለስልሶ ነበር። የወለሉ ዘይት ያንሸራትታልና እናትዎ ከዘራቸውን ይያዙ፤ እርስዎም ክንዳቸውን አይልቀቁ።

ለጋራዡ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። ከዚያ ወጥታችሁ በከዚራ ቀጥ ባሉት መንገዶች በዛፉ ጥላ ሥር በእግር ሂዱ፤ ፈረንሳዮች አደባባይና መንገዱን በመስመር ስለቀየሱት እናትዎ ቤቱ ቢለወጥባቸው እንኳ ማዕዘኑን ይለዩታል። የተወለዱበትን ቤት እርስዎ ፈልገው አያሳዩአቸው፤ እሳቸው ይፈልጉት። መንገድ ከጠፋቸው የሰፈሩን ሰው ይጠይቁ፤ የድሬ ሰው አቅጣጫ ነግሮ አይሰናበትም፤ ይዟችሁ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሻይ ጊዜ ጨምራችሁ አስቡ። ከ5 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ስለሚበረታ በባጃጅ በድልድዩ ተሻግራችሁ ቀፊራ ገበያ ግቡ፤ ቅስት ቅስት ባለው በር ሥር ጥላ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው የመጋላ ጠባብ መንገድ ግን እንደ ከዚራ ስላልሆነ በዚያ ሙቀት እናትዎን ይዘው አይግቡበት። 7 ሰዓት ላይ ምሳ በልታችሁ ከሙቀቱ ካረፋችሁ በኋላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መሄድ ትችላላችሁ።

ገንደ ቆሬ

በዚህ እስማማለሁ። ከቀፊራ ስትወጡ ግን ስለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እናትዎን ጠይቋቸው፤ የባቡሩ ብቻ አይደለም፣ እሱም ብዙ ቤተሰብ ያሳደገ ቤት ነው።

የሐረር መንገድ

ጉልበታቸውን ካመማቸው የዋሻውን ሐሳቤን አንሥቻለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት የሚለውን ግን እደግመዋለሁ።

የከዚራ ጥላ

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ገብታችሁ ይሆን? የአያትዎን ማሽን እናትዎ ለይተውት ከሆነ በየትኛው የጋራዡ በኩል እንደሆነ ጻፉልን፤ አጎቴ የሠሩበትን ክፍል በዚያ ለማወቅ እፈልጋለሁ።