በጋዝ የሚሠራ ፒክአፕ ውርጭ ባደረ ጠዋት ይጠፋብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከባሶና ወራና)

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኘው እርሻዬ ገብስና ባቄላ አመርታለሁ፤ አምስት የሚታለቡ ላሞችም አሉኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወተት የማደርሰው፣ አልፎ አልፎም ገብስ ጭኜ ሸዋ ሮቢት የምወርደው በአንድ አሮጌ ባለ ካርቡሬተር ፎርዊል ፒክአፕ ነው። መኪናው የቤንዚን ነበር፤ ባለፈው ሰኔ በኤል ፒ ጂ ጋዝም እንዲሠራ አስቀየርሁት። ክረምቱን ያለ ችግር ሠራ። ከኅዳር ወዲህ ግን ውርጭ ባደረ ጠዋት በቤንዚን አስነሥቼ ወደ ጋዝ እንዳዞርሁት ጥቂት መቶ ሜትር ሄዶ ይጠፋል፤ ኮፋኖውን ስከፍተው ጋዙን የሚያተንነው ዕቃ ነጭ በረዶ ለብሶ አገኘዋለሁ። የጣርማ በርን ዳገት ስወጣም ጉልበት ያንሰዋል። የቀየረልኝ ጋራዥ ጥፋቱን በጋዙ ላይ አሳቦ መለሰኝ። ሌሊት የማሳድረው ከበረቱ ጋር በተያያዘው የገለባ ቤት ስለሆነ፣ ስለ ደኅንነቱም ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ (መካኒክ፣ ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ በረዶው የያዘው በዚያ ዕቃ ላይ ከሆነ የጎደለው ሙቀት ነው። ከጋኑ ፈሳሽ ሆኖ የሚመጣው ኤል ፒ ጂ ወደ ትነት ሲለወጥ ብዙ ሙቀት ይስባል፤ ያንን ሙቀት የሚሰጠው የሞተሩ ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው ካልሞቀ ወይም በዕቃው ውስጥ ካልዞረ ዕቃው ይቀዘቅዛል፣ ጋዙም በደንብ ሳይተን ያልፍና ሞተሩን አፍኖ ያጠፋዋል። ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል በቤንዚን ካሠሩት በኋላ ወደ ዕቃው የሚገባውንና ከዕቃው የሚወጣውን የውሃ ጎማ በእጅዎ ይዳስሱ። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ወይ ተደፍኗል ወይ አየር ይዟል፤ አየር የሚይዘው ብዙ ጊዜ ዕቃው ከራዲያተሩ አናት ከፍ ብሎ ሲታሰር ነው። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ግን ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ፣ መኖሩን ይመልከቱ። ሞተር አንድ ጊዜ ሲፈላ ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል በብዙ ጋራዦች ልማድ ሆኗል፤ እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በማለዳ በቶሎ አይሞቅምና። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ባዶ ውሃ ከሆነም አንቲፍሪዝ ይጨምሩበት፤ ውሃው ሌሊት ከረጋ ያንን ዕቃ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በዚያ ቀጭን አየር ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ማንኛውም ሞተር፣ በቤንዚንም ይሁን በጋዝ፣ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል። ያም ሆኖ የጋዙ መጠን ቆላ ላይ ተስተካክሎ ከሆነ ደጋ ላይ ይበዛበታልና እዚሁ ያስተካክሉት።

መልስ (አርሶ አደር፣ ሸዋ ሮቢት)

መካኒኩ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ደብረ ብርሃን ላይ ጋዙ ከመጠን በላይ ተቀንሶ የተስተካከለ መኪና ወደ እኛ ሲወርድ የጋዝና የአየሩ ድብልቅ ይበልጥ ይሳሳል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይሞቃል። በአሮጌ ሞተር ላይ ቫልቮቹ ከነመቀመጫቸው የሚጎዱት በዚህ ስለሆነ የቫልቩን ክፍተት ቶሎ ቶሎ ያስለኩ፤ ክፍተቱ እየጠበበ ከሄደ መቀመጫው እየተበላ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎ የመኪናውን ጋን ከቡታጋዝ ሲሊንደር እየገለበጡ እንዳይሞሉ ነው። ጋኑ ከ80 በመቶ በላይ መሞላት የለበትም፤ የቀረው ቦታ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ነው። እኔ አንድ ጊዜ በደጋ ብርድ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቼ ወረድሁ። ሮቢት ስደርስ፣ በቀትር ፀሐይ፣ የጋኑ መተንፈሻ ቫልቭ እያፏጨ ጋዝ ይለቅ ጀመር። ከመኪናው አጠገብ ከሰል አቀጣጥላ ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። እሳቱን በውሃ አጥፍተን ሰውን ሁሉ አራቅን፤ ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

መልስ (የወተት ላም አርቢ፣ ጫጫ)

እኔ የምናገረው ስለ ማሳደሪያው ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ስለዚህ መኪናው ከገለባ ቤቱ ይውጣ፤ ጣሪያ ብቻ ባለው፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ይደር፣ ማታም የጋኑ ቫልቭ ይዘጋ። ከበረቱ መራቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከላም ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መዳብና ነሐስ ይበላል። የእኔ መኪና የጋዝ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር፤ የሳሙና አረፋ ስቀባው አረፋው እየተነፋ ፈነዳ። እርስዎም በየሳምንቱ ጭቃውን አጥበው መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ በክብሪት አይሞክሩት። ከአጨዳ በኋላም ጭስ ማውጫው ላይ የተጠመጠመውን ገለባ ያራግፉ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎማዎቹን ዳሰስኋቸው፤ ሁለቱም ለብ ያሉ ብቻ ነበሩ። መካኒክ ሲፈታው የቴርሞስታቱ ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ተገጠመለት፣ አንቲፍሪዝም ተጨመረበት። ትናንት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ በቤንዚን አሙቄ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ጠብቄ ወደ ጋዝ አዞርሁት፤ ወተቱን እስካደርስ አንድ ጊዜም አልጠፋም። መኪናውም ከገለባ ቤቱ ወጥቷል፤ ዳሱን በዚህ ሳምንት እሠራለሁ።