የፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ፕሮፖዛል፦ ከጭሮ እንጀምር ወይስ ከጄኔቭ?

ጸሐፊዋ፦
እንደምን አመሻችሁ ውድ አባላት። ለባህል ቢሮና ለኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ በጋራ የምናስገባው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ድራፍት ደርሷል። እንደተስማማነው በፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የስራ ዘመን ላይ ኤግዚቢሽንና የ2 ቀን ውይይት ነው። ድራፍቱ የሚጀምረው እሳቸው ካረቀቁትና ሐምሌ 9 ቀን 1923 ከታወጀው ሕገ መንግስት ነው፣ ከዛ የገንዘብ ሚኒስትርነታቸው፣ ከዛ በመንግስታት ማህበር ለአገራቸው የተሟገቱበት ጄኔቭ። ጭሮ ያለችበትን የጨርጨርን ግዛት ያስተዳደሩበት ዘመናቸው አንድ አንቀጽ አለው። እስከ ሐሙስ ሐሳባችሁን ጣሉ።

የጭሮው መምህር፦
እህቴ ለድካምሽ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን እኔ በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም፣ እንዲያውም ሌሊቱን ስብሰለሰል ነው ያደርኩት። ሰውየው ከአዲስ አበባ ተነስተው ሚኒስትር የሆኑ ሰው አይደሉም እኮ። ሰያደብር ተወለዱ፣ ከአድዋ ድል በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ከሩሲያዊው ሊዮንቲየፍ ጋር ሩሲያ ሄዱ፣ ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ፣ ሲመለሱ ደግሞ ያን ሁሉ የተማሩትን ስራ ላይ ለማዋል የሞከሩት ቤተ መንግስት ውስጥ ሳይሆን መጀመሪያ ጅጅጋ ከዛ እኛ ጋ ጨርጨር ነው። ዛሬ ጭሮ የምንላትን ያኔ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ የቆረቆሩ እሳቸው ናቸው። ጨርጨርን ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን ግዛት ለማድረግ፣ አስተዳደሩን በጽሑፍ ደንብ ለማስያዝ ሲለፉ ቆይተው ነው በኋላ ለመላ አገሪቱ ሕግ ጻፉ የተባሉት። እኔ ለተማሪዎቼ ይሄን ስነግራቸው አይናቸው ይበራል፣ በየቀኑ የሚረግጡት መንገድ ላይ ነዋ የተጀመረው! ስለዚህ ጨርጨር አንድ አንቀጽ ሳይሆን የኤግዚቢሽኑ በር መሆን አለበት።

አባል ከድሬዳዋ፦
መምህር ስሜትህ ይገባኛል ወንድሜ። ግን ፕሮፖዛሉን የሚያነበው ሰው ቶሎ የሚያውቀው ሕገ መንግስቱን ነው። 55 አንቀጽ፣ ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግስት የተቀዳ መልክ ያለው፣ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ያቋቋመ፣ በታወጀበት ቀን ራሳቸው ተክለሐዋርያት (ያኔ ማዕረጋቸው በጅሮንድ ነበር) ቆመው ለመኳንንቱ ያብራሩት። ከጣሊያን ጋር ከተነሳው የወልወል ግጭት በኋላ ደግሞ በ1927ና በ1928 በመንግስታት ማህበር ፊት ለኢትዮጵያ የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። ይሄ ከኋላ ይምጣ ማለት ይከብዳል። ቴአትሩስ? የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉ ሰው እኮ ናቸው፣ ተማሪዎች ከሱ አንድ ትዕይንት ቢያሳዩ አዳራሹ ይሞላል።

ገንዘብ ያዥ፦
የቴአትሩ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ወጪውም ቀላል። ባነርና ፎቶ ግን ሁለት ቦታ ከሆነ (ጭሮም ድሬም) ባጀቱን ልከልሰው ነው። አዳራሽ በነጻ የሚሰጥ ካለ ንገሩኝ።

የጭሮው መምህር፦
ቴአትሩን ደግፌአለሁ። ጄኔቭ ይውጣ አላልኩም፣ ሰው ግን ጄኔቭን የሚረዳው ጨርጨርን ካየ በኋላ ነው። በአገረ ገዥነት ግብር ሲሰበስብ የኖረ ሰው የአገር ገንዘብ በየመኳንንቱ እጅ እንዴት እንደሚቀር ያውቃል፣ የገንዘብ ሚኒስትር ሲሆንም የሚታገለው ከዛው ጋር ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄን ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ይህ የጨርጨር አገር ሰው የሌለበት ባዶ ምድር አልነበረም፣ የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው። ገበሬው በገባር ስርዓት ውስጥ ነበር፣ ሰውየው ስርዓት ለማስያዝ ቢደክሙም የማእከላዊ መንግስት ሹም ነበሩ። ስለ መንገዱና ስለ ከተማው ጽፈን ስለ ገባሩ ዝም ካልን የዚህ ከተማ ልጆች ኤግዚቢሽኑን አይተው የእኛ አይደለም ብለው ይወጣሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ክፍል ለዛ ይሰጥ፣ ጽሑፉ ሁሉ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፣ የከተማው ስምም "ጭሮ (የቀድሞው አሰበ ተፈሪ)" ተብሎ ይጻፍ።

አባል ከዋሽንግተን፦
የመጨረሻው ሐሳብ በጣም ልክ ነው። እኔ የአያቴ ቤት እዛ ስለነበር ስለ ቡናው ስሰማ ነው ያደግኩት፣ አሁን ጫት ቦታውን ወስዶታል ይባላል። አንድ ጥያቄ፣ ከስደት በኋላ ያለው ዘመንስ? ጣሊያን ሲገባ ተሰደው፣ ከንጉሱ ጋር ተቃቅረው ማዳጋስካር ድረስ ሄደው ብዙ ዓመት ኖረው፣ ሲመለሱ ስልጣን ፍለጋ አዲስ አበባ አልተቀመጡም፣ እዛው ጨርጨር ወዳለችው ሂርና መጥተው እርሻቸው ላይ ነው የኖሩት። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ይሄ ነው። መነሻውን ጨርጨር ካደረግን መድረሻውም እዛው ይሁን።

አባል ከድሬዳዋ፦
እሺ፣ በዚህስ አሳመናችሁኝ። ጨርጨር፣ ሕገ መንግስቱ፣ ጄኔቭ፣ ስደቱ፣ ሂርና። እንዲህ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። የሕገ መንግስቱን ክፍል እኔ እጽፈዋለሁ፣ ስልጣኑ ሁሉ በንጉሰ ነገስቱ እጅ እንደቀረ ግን አልደብቅም።

ጸሐፊዋ፦
ተቀብያለሁ፣ ድራፍቱን ነገ በአዲሱ ቅደም ተከተል አስተካክዬ አመጣዋለሁ። የገባሩን ክፍል መምህር ትጽፋለህ። ለጀርባ መረጃ የራሳቸው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል፣ ኮፒ ያለው ያዋጣ። የአፋን ኦሮሞውን ትርጉም ማን ይወስዳል?

የጭሮው መምህር፦
እኔና ሁለት የስራ ባልደረቦቼ እንወስዳለን። የገባሩን ክፍል ግን ቅዳሜ ሂርና ወርጄ ሽማግሌዎቹን ሳላነጋግር አልጽፍም፣ እስከ ማክሰኞ ታገሱኝ።

ጸሐፊዋ፦
ማክሰኞ ይሁን። የሐሙሱን ቀነ ገደብ አንስቻለሁ።