በጠባብ በጀት ለ120 እንግዳ የሚበቃ የሠርግ ኬክ እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ወር በኋላ እንጋባለን፤ የጠራናቸው እንግዶች 120 ናቸው። ሦስት ኬክ ቤቶች ሄደን፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሆኖ በፎንዳንት (እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬክ በሚለብሰው የስኳር ሽፋን) የተሸፈነና ከላይ እስከ ታች የስኳር አበባ የወረደበት ኬክ ፎቶ አሳየናቸው። የነገሩን ዋጋ ለኬክ ከመደብነው ገንዘብ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነብን። እጮኛዬም እኔም ትዳራችንን በዕዳ ላለመጀመር ስለተስማማን መበደር አንፈልግም። ታላቅ እህቴ ቤት ውስጥ የምትጋግረው ኬክ እጅግ ጣፋጭ ስለሆነ «እኔ እሠራልሻለሁ» ብላኛለች፤ ሆኖም ከአንድ ፓትራ ያለፈ ኬክ ሠርታ አታውቅም። ዋጋውን ይህን ያህል የሚያስወድደው ምኑ ነው? የትኛውን ብንተው እንግዳ ፊት አያሳፍረንም? ለ120 ሰው ምን ያህል ኬክ ያስፈልጋል? እህቴንስ እሺ ልበላት? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፣ ኬክ በመሥራት ከምትተዳደር አባል

እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ። የሠርግ ኬክ መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ ዋጋው ከየት እንደሚመጣ በቀጥታ ልንገርሽ። አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው ለዱቄቱና ለእንቁላሉ ሳይሆን ለእጅ ሥራው ነው። አንድ የስኳር ጽጌረዳ ለመሥራት እያንዳንዱ የአበባ ቅጠል ለየብቻ ይዳመጣል፣ ጠርዙ በጣት እስኪሳሳ ይታሻል፣ ትንሽ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀጣዩ የሚደረብበት። ከላይ እስከ ታች የወረደ አበባ ስትጠይቂ የብዙ ቀን ሥራ እየጠየቅሽ ነው። ፎንዳንትም ቢሆን ብቻውን አይለጠፍም፤ ሥሩ መጀመሪያ በቅቤ ክሬም ወይም በጋናሽ (በቸኮሌትና በክሬም ቅልቅል) ተለስኖ መስተካከል ስላለበት ኬኩ ሁለት ጊዜ ይሸፈናል ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመሽ የምትተዪው እነዚህን ሁለቱን ነው። በቅቤ ክሬም በንጽሕና የተለሰነ ኬክ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እኔ እንዲያውም ከፎንዳንት ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ፣ እንግዳም ፎንዳንቱን ልጦ ሳህን ላይ ሲተው በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

አበባ ከወደድሽ ጥቂት እውነተኛ አበባ ያምራል፤ ከስኳሩም በብዙ ይረክሳል። ነገር ግን ፀረ ተባይ መድኃኒት ያልተረጨበት መሆኑን አበባ ሻጩን ጠይቂ፤ እንደ ሃይድራንጃና ኦሊያንደር ያሉት መርዛማ ስለሆኑ ኬክ አጠገብ መድረስ የለባቸውም፤ የማንኛውም አበባ ግንድ ደግሞ ሳይጠቀለል ኬኩ ውስጥ በቀጥታ መሰካት አይገባም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፣ ብዙ ገንዘብ ያለ ጥቅም የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። የሠርግ ኬክ ቁራሽ በተለምዶ 2.5 በ5 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስሌት 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ኬክ ለ12 ሰው፣ 20 የሆነው ለ24፣ 25 የሆነው ለ38፣ 30 የሆነው ደግሞ ለ56 ሰው ይበቃል። በፎቶ ያሳየሻቸው ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ 15፣ 20 እና 25 ከሆነ የሚያበላው 74 ሰው ብቻ ነው፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለሽም 46 እንግዳ ሳይደርሰው ይቀር ነበር። አቆራረሱም የዚያኑ ያህል ወሳኝ ነው። ከመሃል ወደ ጠርዝ በሦስት ማዕዘን የተቆረሰ ክብ ኬክ የሚያበላው ሰው በእጅጉ ይቀንሳል። ይልቅስ ከዳር ጀምሮ በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይውጡና እያንዳንዱ መስመር በ2.5 ሳንቲ ሜትር ይከተፍ። የሚቆርሰው ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ኬክ ቤት ስትሄጂ ደግሞ ፎቶ አታስቀድሚ። «ያለን ገንዘብ ይህ ነው፣ እንግዳችን ይህን ያህል ነው፤ በዚህ ምን ትሠሩልናላችሁ?» ብለሽ ጀምሪ። ፎቶ ያየ ሰው የፎቶውን ዋጋ ይነግርሻል፤ በጀትሽን የሰማ ሰው ግን አማራጭ ያስባል።

መልስ፣ ባለፈው ዓመት ካገባች አባል

እኛም ያንቺው ዓይነት ጭንቀት ውስጥ ነበርን፤ ያዳነን የሚታየውን ኬክና የሚበላውን ኬክ መለየታችን ነው። እንግዳ ፊት የቆመውና የቆረስነው ኬክ 15 እና 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ፎቅ ነበር፤ ይህ 36 ሰው ያበላል። የቀረው ቁመናም ጌጥም የማይፈልግ፣ ከላይ ክሬም ብቻ የተቀባ፣ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ጠፍጣፋ ኬክ ሆኖ ወጥ ቤት ተቀመጠ። ቁራሹን 5 በ5 ስላደረግነው ከእያንዳንዱ 48 ወጣ፤ በድምሩ 132 ማለት ነው። እኛ ከፊት ቆርሰን ፎቶ ስንነሣ፣ ጓዳ ውስጥ ሁለት ሰዎች ረጅም ቢላዋ ሙቅ ውኃ ውስጥ እየነከሩ፣ በንጹሕ ጨርቅ እየጠረጉ ይቆርሱ ነበር። የኬኩ ዓይነትና የክሬሙ ቀለም አንድ ስለነበረ የትኛው ቁራሽ ከየት እንደመጣ ማንም አልለየም፤ የጠየቀም የለም። ጠፍጣፋ ኬክ የሚያስከፍለው የእጅ ሥራ ጥቂት ስለሆነ ልዩነቱን ሒሳቡ ላይ ታዪዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ አጣሪ። የተጋባንበት አዳራሽ ከውጭ ለሚገባ ኬክ በሳህን ቁጥር የመቁረሻ ክፍያ እንደሚጠይቅ የሰማነው ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር፤ የቆጠብነውን አንድ እጅ ወሰደብን። ውሉን አሁኑኑ አንብቢው። የማድረሻ ዋጋ፣ የማቆሚያው ኪራይና መያዣው፣ ትእዛዝ ቢሰረዝ ቀብዱ መመለስ አለመመለሱ፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን።

መልስ፣ የወንድሙን የሠርግ ኬክ ቤት ውስጥ ከጋገረ አባል

እህትሽ ላይ የሚደርሰውን ስለማውቀው ነው የምጽፈው። የመጀመሪያ ስሕተቴ የመጠን ነበር። 20 ሳንቲ ሜትር ለሆነው ቅርጽ የሚበቃውን አሠራር ለ30 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ተኩል ጊዜ አድርጌ ለወስኩት፤ ኬኩ እንደ ብስኩት ስስ ሆኖ ወጣ። የሚባዛው የቅርጹ ጠቅላላ ገጽ እንጂ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመት ብቻ ስላልሆነ የሚያስፈልገኝ 1.5 በ1.5፣ ማለትም 2.25 እጥፍ ነበር። ትልቅ ኬክ ዳሩ ቀድሞ ደርቆ መሃሉ ጥሬ የመቅረት ጠባይም አለው፤ እሳቱን ወደ 160 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ማቆየት፣ የፓትራውንም ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል በጣም ይረዳል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ግን አሁንም ትዝ ሲለኝ ሆዴን ይጨንቀኛል። ላይኛውን ፎቅ ያለ ምንም ድጋፍ በታችኛው ላይ አስቀመጥኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ወደ ግራ አዘንብሎ፣ የታችኛው ክሬም ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ልስኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ወርዶበት አገኘሁት። ለካ ላይኛው ፎቅ በራሱ ካርቶን ላይ መቀመጥ፣ ሥሩም በታችኛው ኬክ ቁመት ልክ የተቆረጡ ወፍራም ስትሮዎች ወይም የእንጨት ዘንጎች በክብ መሰካት ነበረባቸው፤ ክብደቱን የሚሸከሙት እነርሱ እንጂ ኬኩ አይደለም። በመጨረሻ ሁለቱን ለያይቼ፣ ከፍታቸው በተለያየ ሁለት ማቆሚያ ላይ ጎን ለጎን አደረግኋቸው፤ ከመደራረቡ ይበልጥ አምሮ የታየኝም ያኔ ነው። እህትሽ ልምድ ከሌላት ፎቅ አትሥራ፤ ለየብቻ ይቁሙ።

መልስ፣ ሦስት ልጆቻቸውን ከዳሩ እናት

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የእህትሽ ፍቅር የሚከበር ነው፤ ሙሉ ኬኩን እንድትሸከም ማድረግ ግን አይታየኝም። ከሠርግሽ በፊት ባለው ሌሊት አጠገብሽ መሆን ያለባት እህት ምድጃ ፊት ቆማ ታድራለች፤ በማግስቱም ስትበላ ስትጠጣ ሳይሆን የሚያዘነብለውን ኬክ ስትመለከት ትውላለች። በትልቋ ልጄ ሠርግ እኔው ራሴ ሞክሬው፣ ቃል ኪዳን ሲገቡ ዓይኔ በኬኩ ላይ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጠፍጣፋውን ኬክ ግን አስቀድማ ጋግራ ማስቀመጥ ትችላለች፤ ያን ከሰጠሻት ድርሻዋም ይኖራል፣ ቀኗም አይሰረቅም።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እማማ፣ የእርስዎን ቃል ለእህቴ አነበብኩላትና ዕንባ ቀረሽ ሆነች። ሐሳቡን ወደድነው፤ ሆኖም ሦስት ነገሮች ይቀሩኛል። የእህቴ ኦቭን ከ25 በ35 ሳንቲ ሜትር በላይ ፓትራ አያስገባም። አዳራሹ ሞቃት ነው፤ ኬኩም ከመቆረሱ በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ሊቆም ይችላል። ደግሞም አንድ ዘመዳችን «የታችኛው ፎቅ ኬክ መስሎ የሚታይ የማይበላ ፎም ይሁን፣ ዋጋው ይወርዳል» ብሎናል፤ እውነት ነው?

መልስ፣ ከመጀመሪያዋ ኬክ ሠሪ

ከፎሙ ልጀምር። ፎሙ ራሱ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መለሰኑና ማስጌጡ ከእውነተኛው ኬክ እኩል ስለሚያለፋ የሚቀንሰው ከጠበቅሽው በታች ነው። ትልቅ መስሎ መታየት ብቻ ለሚፈልግ ይጠቅማል፤ ለአንቺ ግን አስፈላጊ አይመስለኝም። አሳፋሪ ነገር ነው ማለቴ እንዳልሆነ ግን ተረጂልኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በጦርነቱ ምክንያት ብሪታንያ ውስጥ ኬክ በስኳር መለሰን ሲከለከል፣ ሙሽሮች ከካርቶን ወይም ከጀሶ የተሠራ የሚያምር ሽፋን ተከራይተው ትንሿን ኬካቸውን ከሥሩ ያስቀምጡ ነበር።

25 በ35 የሆነ ፓትራ በ5 በ5 ሲቆረስ 35 ቁራሽ ይወጣዋል፤ ሦስት ፓትራ 105 ነው። ከፊት የሚቆመውን 36 ስትጨምሪበት 141 ይሆናል፤ ለፎቶ አንሺውና ለአስተናጋጆቹም ይተርፋል ማለት ነው። እህትሽ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ጋግራ፣ በአግድም ለሁለት ሰንጥቃ፣ መካከሉን ክሬም ትቀባዋለች። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት አስቀድማ መጋገር ትችላለች፦ ኬኩ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ትጠብቅ፤ ክሬም ሳይነካው ሁለት ጊዜ በፕላስቲክ፣ ከዚያም በፎይል ጠቅልላ ፍሪዘር ውስጥ በጠፍጣፋው ታስተኛው። ስታወጣው መጠቅለያውን እንዳትፈታ አደራ፤ በረዶው ሲቀልጥ የሚያወጣው ላብ በፕላስቲኩ ላይ ይቀራል እንጂ ኬኩን አያረጥበውም። ሠርጉ አንድ ቀን ሲቀረው ክሬሙን መቀባት ብቻ ነው የሚቀራት። ትንሽ የደረቀ ከመሰላት፣ እኩል ስኳርና ውኃ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ሽሮፕ በብሩሽ ታርከፍክፍበት።

ሙቀቱን አትናቂው። የገበታ ቅቤ ከ30 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል መቅለጥ ስለሚጀምር ንጹሕ የቅቤ ክሬም ሞቃት አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰዓት አይቆምም። ግማሹን ቅቤ በጠንካራ የአትክልት ቅቤ መተካት ይረዳል፤ ጣዕሙ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ ቅርጹን ይይዛል። የተመታ የወተት ክሬም ግን ፈጽሞ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ኬኩ ቀዝቃዛ ክፍል ቆይቶ፣ ሊቆረስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ከመስኮትና ከመብራት ርቆ እንዲቆም ማድረግ ነው። ስታጓጉዙት ማንም ሰው ጭኑ ላይ እንዳይዘው፤ ጭን ዘንበል ይላል፣ ይሞቃልም። የመኪናው የኋላ ወለል ላይ፣ የማያንሸራትት ላስቲክ ተነጥፎበት ይቀመጥ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ውሳኔያችን ይህ ሆኗል። በምክራችሁ መሠረት ፎቶ ሳናሳይ፣ በጀታችንንና የእንግዳውን ቁጥር ብቻ ይዘን ወደ አንደኛው ኬክ ቤት ተመለስን፤ 15 እና 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ፎቅ የቫኒላ ኬክ፣ በነጭ ክሬም ተለስኖ፣ አበባውን እኛው ይዘን ልንመጣ ተስማማን። ዋጋው ከመደብነው ገንዘብ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል፤ ቀሪው ለእህቴ ቅቤና እንቁላል ይበቃል። የሁለቱ ጣዕም እንዳይለያይ ኬክ ቤቱ ከሚጠቀመው ክሬም በትንሽ ዕቃ ሰጥተውናል። አዳራሹንም ጠይቀን የመቁረሻ ክፍያ እንደሌለ፣ ሳህንና ሹካ ግን በእኛ በኩል እንደሆነ በጽሑፍ ተቀብለናል። እህቴ በመጪው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ፓትራ ለሙከራ ጋግራ ፍሪዘር ታስገባለች፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ቀምሰን እነግራችኋለሁ።